ሰማይን አይቶ ምድርን የለካ፦ የአንቷን ዳባዲ የሕይወት ታሪክ

ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ ጎንደር ወደ ሰሜን ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል? ገመድ ሳንዘረጋ፣ መኪናም ሳንሳፈር በኮከብ ብቻ እናውቀዋለን ብንል የሚስቅብን አይጠፋም። ነገር ግን አገራችንን በኮከብና በማዕዘን የለካ ሰው ነበረ። ውድ አንባቢዎች፣ በዛሬው አምዳችን የዚህን ሰው ታሪክ ባጭሩ እናቀርብላችኋለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንቷን ዳባዲ ከፈረንሳዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት በ1810 ደብሊን ከተማ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ስለ ሄደ ያደገውም የተማረውም እዚያ ነው። በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ደርሶ ወደ ጎንደር ዘለቀ። የያዘው መሣሪያ ለሥራው እንደማይበቃ ሲያይ ግን እንደ ምንም ልሥራው አላለም፤ አገሩ ተመልሶ የተሻለ መሣሪያ ይዞ መጣ። እስከ 1848 ድረስ ከሰሜን ተነሥቶ እስከ እናርያና ከፋ ዞረ። በዚያን ጊዜ ፒያሳ የሚባል የለም፤ አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው በ1886 ነው።

ታዲያ በኮከብ መለካት እንዴት ይቻላል? ነገሩ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ስንት ዲግሪ ከፍ እንዳለ ከለካን፣ የቆምንበት ቦታ ከምድር ወገብ ስንት ዲግሪ እንደሚርቅ አወቅን ማለት ነው። ፒያሳ ቆመን ወደ እንጦጦ ብናይ፣ ፎቁና ተራራው ካልጋረደን፣ ኮከቡ የሚገኘው 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ክንዳችንን ዘርግተን ጡጫችንን ብናቆም አንድ ጡጫ ያህል መሆኑ ነው። ጎንደር ላይ ግን ወደ 12 ዲግሪ ተኩል ከፍ ይላል። ልዩነቱ 3 ዲግሪ ተኩል ነው፤ አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ኮከቡ ከዋልታው ጥቂት ፈቀቅ ያለ ነውና፣ ለጥንቁቅ ሥራ ማስተካከያ ይጨመርበታል።

የምሥራቅና የምዕራቡ ርቀት የሚታወቀው በሰዓት ነው። መሬት በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር በየ4 ደቂቃው አንድ ዲግሪ ትዞራለች። ፒያሳና ፓሪስ ከ36 ዲግሪ ጥቂት በላይ ስለሚራራቁ፣ ፀሐይ እኛ አናት ላይ ደርሳ ፓሪስ እስክትደርስ 2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በዳባዲ ዘመን ሰዓት የሚያስተካክሉበት ራዲዮ ስላልነበረ፣ ሰማዩ ራሱ እንደ ሰዓት ያገለግል ነበር፤ ጨረቃ ኮከብ ስትጋርድ ወይም የጁፒተር ጨረቆች ሲጨልሙ የታየበት ጊዜ ይመዘገብና በሌላ አገር ከታየበት ጋር ይነጻጸራል። ዳባዲ ደግሞ ከተራራ ተራራ እያየ ማዕዘን በመለካት ቦታዎቹን እርስ በርስ አያያዛቸው። የልኬቱን ውጤት ከ1860 እስከ 1873 አሳተመ። በ1881 ደግሞ የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት አወጣ። የሰበሰባቸው ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍት ዛሬ የሚገኙት በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። ይህን ስናነብ ደስታም ቁጭትም ተሰማን።

ይሁን እንጂ ሰውዬው አልተሳሳተም አንልም። የግቤን ወንዝ የነጭ ዓባይ ምንጭ ነው ብሎ ዓለምን ለማሳመን ብዙ ተከራክሯል። ግቤ ግን ከኦሞ ገብቶ ወደ ቱርካና ሐይቅ የሚፈስ ነው። ልብ በሉ፤ ተራራውን በመሣሪያ ሲለካ ሥራው የሚታመን ሆነ፤ ወንዙ ወዴት እንደሚሄድ እስከ መጨረሻው ሳይከተል ሲፈርድ ግን ተሳሳተ። የለካነውንና የገመትነውን ለይቶ መናገር ለአስተማሪ ትልቅ ነገር ነው፤ ተማሪ የአስተማሪውን ግምት እንደ እውነት ይዞት ይሄዳልና።

ዳባዲ ሸምግሎም ሰማይን አልተወም። በ1882፣ በ72 ዓመቱ፣ ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት ወደ ሃይቲ ተጓዘ። ይህ ማለፍ ከተለያዩ የምድር ቦታዎች ሲታይ መንገዱ ትንሽ ስለሚለያይ፣ ከልዩነቱ ተነሥቶ የፀሐይን ርቀት ማስላት ይቻላል። ርቀቱ ዛሬ በትክክል የታወቀ ነው፤ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ይፈጅበታል።

በ1892 የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ። ልጅ ስላልነበረው ግንቡን ከነመመልከቻው ለአካዳሚው ሲያወርስ፣ በ50 ዓመት ውስጥ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት መዝገብ ይሠራልኝ የሚል ግዴታ አስገባ። በ1897፣ ከዐድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ፣ ፓሪስ ውስጥ ሞተ። ግማሽ ሚሊዮን ብዙ ይመስላል፤ የኛ ጋላክሲ ግን ከ100 ቢሊዮን በላይ ከዋክብት አሏት፤ ጋላክሲዎቹ ራሳቸውም ተቆጥረው አያልቁም።

ዛሬ ከፒያሳ በላይ፣ እንጦጦ ላይ፣ የመስታወታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። አሁን የሚቀረው የሚያይ ዓይንና የሚቆጥር እጅ ነው። እሱን ደግሞ የምናዘጋጀው እኛ እጩ መምህራን ነን። የምንመደብበት ትምህርት ቤት ቴሌስኮፕ ባይኖረው ጡጫችን አለ፤ ሰሜን ኮከብም አለ። ተማሪዎቻችንን ማታ ወደ ሰሜን አሳይተን፣ በማግሥቱ የሰፈራቸውን ኬክሮስ በራሳቸው እንዲያሰሉ እናድርግ።