ቤካሪያ፦ የሞት ቅጣትን የሞገተው የምጣኔ ሀብት መምህር

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የሞት ቅጣትንም የዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራትንም ይዟል። ዘግናኝ ወንጀል በተሰማ ቁጥር ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር በየገበያውና በየለቅሶ ቤቱ ይነሣል። ጥያቄውን በአውሮፓ ቀድመው በመጽሐፍ ካነሡት ሰዎች አንዱ ቼዛሬ ቤካሪያ ነው።

ቤካሪያ በ1738 እ.ኤ.አ. በሰሜን ኢጣሊያ፣ በሚላኖ ከተማ፣ ከመኳንንት ወገን ተወለደ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በፓቪያ ሕግ ተምሮ በ1758 ተመረቀ። ይሁን እንጂ አባቱ የማይፈቅዱትን ጋብቻ በመፈጸሙ ከቤተሰቡ ተቃቅሮ ተቸገረ። በዚያን ጊዜ የተጠጋው ፒዬትሮና አሌሳንድሮ ቬሪ የተባሉ ወንድማማቾችን ነበር። አሌሳንድሮ የእሥረኞችን አቤቱታ የሚከታተል ሹም ስለነበር የወህኒ ቤቱን ጉድ ያውቃል።

በ1764፣ በ26 ዓመቱ፣ ቤካሪያ ስለ ወንጀልና ቅጣት የጻፈው አነስተኛ መጽሐፍ ስሙን ሳይገልጽ በሊቮርኖ ታተመ። በዘመኑ ወንጀለኛ በአደባባይ ይሰቀል፣ አጥንቱም በመንኰራኵር ይሰበር ነበር። ቤካሪያ ግን መግደልን የሚከለክል ሕግ ራሱ በአደባባይ መግደሉ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው ሲል ተሟገተ። የስቅላት ትዕይንት ተመልካቹን ለአፍታ አስደንግጦ ይረሳል፤ ነጻነቱን ተገፎ እንደ ጋማ ከብት በጉልበቱ ዕዳውን ሲከፍል የሚታይ ሰው ግን ለብዙ ዓመታት መቀጣጫ ይሆናል። ሟች ለተበደለው ማኅበረሰብ የሚመልሰው ነገር የለም፤ ሕያው እሥረኛ ግን ይሠራል። የቅጣት ኃይሉም በጭካኔው ሳይሆን በአይቀሬነቱ ነው ይላል። እንዲህም ሆኖ ታስሮም እንኳ የአገርን ደኅንነት ለሚያናጋ ሰው የሞትን በር ፈጽሞ አልዘጋም።

መጽሐፉ በ1766 በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከተከለከሉ መጻሕፍት መዝገብ ገባ። ቤካሪያ በዚያው ዓመት ፓሪስ ተጋብዞ ቢሄድም የቤቱ ናፍቆት ስላላስቀመጠው ቶሎ ተመለሰ። ከ1768 ጀምሮ በሚላኖ የምጣኔ ሀብት መምህር ሆነ፤ እርሻን፣ ዕደ ጥበብንና ንግድን አስተማረ። በኋላም በመንግሥት ሹመት የእህል አቅርቦትን፣ የገንዘብንና ከቦታ ቦታ የሚለያዩ መስፈሪያዎችን ጉዳይ ሠራ። በዝና የሚታወቀው በአንዲት መጽሐፉ ቢሆንም፣ አብዛኛውን ዕድሜውን የፈጀው በዚህ ሥራ ነው።

የቶስካና መስፍን ሊዮፖልድ በ1786 የሞት ቅጣትን ከሕጉ ሰረዘ። የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ሁለተኛ ደግሞ በሞት ፈንታ ወንጀለኞችን በዳኑብ ወንዝ ላይ ጀልባ እያስጎተተ ቀጣ፤ ብዙዎቹም በረኀብ፣ በበሽታና በድካም አለቁ። ለእኔ የቤካሪያ ሐሳብ ክፉኛ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። የእሥረኛ ጉልበት እንደ ትርፍ ከተቆጠረ፣ ሕይወቱን ያተረፈለት ሕግ በሥራ ብዛት ሊገድለው ይችላል። ቤካሪያ ራሱ የዕድሜ ልክ ቅጣት ከሞት የማይተናነስ መከራ ሊሆን እንደሚችል አልካደም።

በ1792 የሎምባርዲያን የወንጀል ሕግ እንዲያሻሽል በተሰየመው ጉባኤ ቤካሪያ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአነስተኛ ድምፅ የሞት ቅጣትን ተቃወመ። በዚህ ጊዜ አጥብቆ የያዘው ስለ ጉልበትና ስለ መቀጣጫነት ብቻ አልነበረም፤ ዳኛ ሊሳሳት ይችላል፣ የሞተ ሰው ደግሞ አይመለስም የሚለውን ክርክር ጨመረ።

ሚላኖ ለዚህ ሩቅ ማስረጃ አያስፈልጋትም ነበር። በ1630 ወረርሽኝ ሲገባ፣ በሽታውን በቅባት አዛምተዋል የተባሉ አንድ ጸጉር አስተካካይና አንድ የጤና ሹም በሥቃይ ብዛት አምነው በመንኰራኵር ተገደሉ። የጸጉር አስተካካዩ ቤት ፈርሶ በስፍራው የነውር ዓምድ ቆመ፤ ዓምዱ የፈረሰው በ1778፣ ቤካሪያ የ40 ዓመት ሰው ሳለ ነው።

ቤካሪያ ኅዳር 1794 በሚላኖ በድንገት አረፈ። በሎምባርዲያ የሞት ቅጣት አልተሻረም ነበር። የልጁ ልጅ፣ ደራሲው አሌሳንድሮ ማንዞኒ፣ የሁለቱን ንጹሐን ሰዎች ታሪክ በ1842 በመጽሐፍ አሳተመ።