ቅዱስ ሳዊሮስ ዘአንጾኪያ፦ የቤሩቱ የሕግ ተማሪ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን የአንጾኪያውን ሊቀ ጳጳሳት ቅዱስ ሳዊሮስን በየዓመቱ ታስባለች፤ ወደ ግብፅ የገባበትን ጥቅምት 2 ቀን፣ ዕረፍቱን ደግሞ የካቲት 14 ቀን። ስለ ሃይማኖት የጻፈውም በሃይማኖተ አበው ይነበባል። ይህ ታላቅ አባት መነኩሴ ከመሆኑ አስቀድሞ በሰው አገር የሕግ ተማሪ ነበር።

ሳዊሮስ እ.ኤ.አ. በ465 ገደማ በታናሽ እስያ፣ በጵስድያ፣ ሶዞፖሊስ በተባለች ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ባረፈ ጊዜ እናቱ ከሁለት ታላላቅ ወንድሞቹ ጋር ሰዋስውና የንግግር ጥበብ ይማር ዘንድ ወደ እስክንድርያ ላከችው። በአገሩ ልማድ ሰው ካልጎለመሰ አይጠመቅም ነበርና እርሱም ገና አልተጠመቀም። በዚያ ዘካርያስ ከተባለ የጋዛ አካባቢ ተማሪ ጋር ተዋወቀ። ዘካርያስም የአሕዛብን ተናጋሪዎች ያደንቅ የነበረውን ወጣት የቅዱስ ባስልዮስንና የቅዱስ ጎርጎርዮስን ድርሳናት እንዲያነብ መከረው።

ከዚያ በኋላ ሳዊሮስ የሮም መንግሥት ዳኞችና ጠበቆች ይወጡባት ወደነበረችው ወደ ቤሩት የሕግ ትምህርት ቤት ሄደ። ከተማይቱ ቲያትርና የፈረስ ግልቢያ፣ መጠጥና ቁማር የሞላባት ነበረች። ነባር ተማሪዎችም በአዲስ ገቢዎች ላይ የመሳለቅ ልማድ ነበራቸው። ዘካርያስ ዘግይቶ ሲደርስ ይህን ፈርቶ ነበር፤ ሳዊሮስ ግን በደስታና በፍቅር ተቀበለው።

ሁለቱ ወዳጆች ለጊዜያቸው ሥርዓት አበጁለት። በሥራ ቀናት ሕግ አጠኑ፤ ቅዳሜ ከቀትር በኋላና እሑድ የአበውን መጻሕፍት አነበቡ። ኤዋግሪስ የሚባል ጾመኛ ተማሪ ጓደኞቹን እየሰበሰበ በየምሽቱ ከትምህርት በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስድ ነበር፤ ሳዊሮስም ከእነርሱ ጋር ተባበረ። ትምህርቱንም አላጓደለም፤ የነገሥታቱን አዋጆች እርስ በርስ እያስተያየ መረመረ፤ ለኋለኞች ተማሪዎች የሚረዳ ማስታወሻም ጽፎ ተወ።

እ.ኤ.አ. በ488 በትሪፖሊ፣ በሰማዕቱ በቅዱስ ለውንትዮስ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ። የክርስትና አባቱም ያው ኤዋግሪስ ሆነ። ትምህርቱን ሲፈጽም አገሩ ገብቶ በጥብቅና ሊሠራ አስቦ ነበር። ነገር ግን ኢየሩሳሌምን ከተሳለመ በኋላ ልቡ ወደ ምንኩስና አዘነበለ፤ በጋዛ አጠገብ በማዩማ ገዳም ገባ።

የተማረው ግን ከንቱ አልቀረም። የኬልቄዶን ጉባኤ ደጋፊዎች ከቅዱስ ቄርሎስ መጻሕፍት ቃላትን ቆንጥረው ለራሳቸው ምስክር ባደረጉ ጊዜ፣ ሳዊሮስ እያንዳንዱን ቃል ከፊቱና ከኋላው ካለው ጋር አገናኝቶ የሊቁን እውነተኛ አሳብ ገለጠ። እ.ኤ.አ. በ512 የአንጾኪያ ፓትርያርክ ሆኖ ከተሾመም በኋላ ስለ ክህነትና ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለሚቀርቡለት ጥያቄዎች በደብዳቤ ፍርድ ይሰጥ ነበር።

ጠላቶቹ ግን የተማሪነቱን ዘመን አነሡበት፤ በዚያን ጊዜ ለጣዖት ሠውቷል ብለው ስሙን አጠፉ። በዚህ ጊዜ ቤሩትን አብሮት ያየው ዘካርያስ ተነሣ። በቁስጥንጥንያ ጠበቃ ሆኖ ነበርና የወዳጁን የወጣትነት ሕይወት ጽፎ፣ የት እንደ ዋለና ከማን ጋር እንደ ጸለየ መሰከረ። የሳዊሮስ የተማሪነት ዘመን ዛሬ በዝርዝር የሚታወቀው ከሁሉ ይልቅ በዚህ መጽሐፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ518 መንግሥት ሲለወጥ ሳዊሮስ መንበሩን ትቶ ወደ ግብፅ ተሰደደ። ከስደቱም ሳይመለስ እ.ኤ.አ. በ538 በሰኻ ዐረፈ።

ዛሬም ከወላጆቻቸው ቤት ርቀው ለትምህርት የሚሄዱ የምእመናን ልጆች ከዚህ አባት የሚማሩት አለ፤ መጀመሪያ የሚፈልጉት ጓደኛና በምሽት የሚሄዱበት ደጅ ለዘመናቸው ሁሉ ምስክር ይሆናቸዋልና።

የቅዱስ ሳዊሮስ ጸሎቱና በረከቱ በምእመናንና በልጆቻቸው ሁሉ ላይ ይደር፤ አሜን።