ኮልታፋው ዴሞስቴንስ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ384 ዓመት በግሪክ አገር፥ አቴና በምትባል ከተማ፥ ዴሞስቴንስ የሚባል ልጅ ተወለደ። አባቱ ባለጸጋ ነበረ፤ በአንደኛው የሥራ ቤት ሰይፍና ቢላዋ፥ በሁለተኛው አልጋ የሚሠሩለት ባሮች ነበሩት። ነገር ግን ልጁ 7 ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ።

አባቱ ከመሞቱ በፊት ለልጆቹ ሦስት ሞግዚቶች መርጦ ነበር። ሁለቱ የሥጋ ዘመዶቹ፥ ሦስተኛው የልጅነት ባልንጀራው ነበሩ። የተወላቸውም ገንዘብ 15 መክሊት ያህል ነበረ። ሞግዚቶቹ ግን አደራ በሉ። ዴሞስቴንስ 18 ዓመት ሞልቶት ውርሱን በጠየቀ ጊዜ ያገኘው 70 ምናን ብቻ ነበረ። አንድ መክሊት 60 ምናን ነውና፤ ከ15ቱ መክሊት የደረሰው አንዱና ጥቂት ትርፍ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ዳኛ መሄድ ግድ ሆነበት። በዚያ ዘመን በአቴና ባለጉዳዩ ራሱ በብዙ ዳኞች ፊት ቆሞ ይናገር ነበር እንጂ፥ ነገሩን ለጠበቃ ሰጥቶ ዝም ብሎ አይቀመጥም ነበር። ውኃም ከአንድ ማሰሮ ወደ ሌላ ማሰሮ እየፈሰሰ ጊዜውን ይለካል፤ ውኃው ሲያልቅ የንግግሩም ጊዜ ያልቃል። ዴሞስቴንስ ደግሞ ሰውነቱ ደካማ፥ ትንፋሹ አጭር፥ ምላሱም ኮልታፋ ነበረ። ሲሴሮ የሚባል የሮማ ሊቅ እንደ ጻፈው፥ የሚማረውን ትምህርት የስሙን መጀመሪያ ፊደል እንኳ መጥራት አይችልም ነበር። የንግግር ትምህርት በግሪክ ቋንቋ ሬቶሪኬ ይባላል፤ እንግዲህ ያቃተው ፊደል ረ ነው።

ቢሆንም ኢሴዎስ ከሚባል ሕግ ዐዋቂ ዘንድ ተማረ። 20 ዓመት ሲሆነውም ሞግዚቶቹን ከሶ ረታ። ከተፈረደለት ገንዘብ እጁ የገባው ግን ጥቂት ነው። ከዚያ ሙግት ያተረፈው ዋናው ነገር በሰው ፊት መቆምን መልመዱ ነበረ።

የአቴና ሰዎች ስለ ጦርና ስለ ግብር በሚመክሩበት ጊዜ፥ ፕኒክስ በሚባል ኮረብታ ላይ ይሰበሰቡ ነበር። በሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ በሜዳው ይቀመጣል። ድምፅ የሚያጐላ መሣሪያ በዚያ ዘመን አልነበረምና፥ ተናጋሪው በገዛ ጕሮሮው ብቻ እስከ ዳር ድረስ ማሰማት ነበረበት። ዴሞስቴንስም በዚህ ሸንጎ ሊናገር ተነሣ። ዐረፍተ ነገሩ ረዘመበት፤ ትንፋሹ በመካከል ተቈረጠ፤ የሚለውንም የሚያስተውል ጠፋ። ሕዝቡ ጮኸበት፥ ሳቀበትም።

በሌላም ጊዜ እንዲሁ አፍሮ፥ ራሱን ተከናንቦ ወደ ቤቱ ሲሄድ፥ ሳጢሮስ የሚባል የቴያትር ተጫዋች ተከተለው። ዴሞስቴንስም ከተናጋሪዎች ሁሉ አብልጦ እየደከመ ሳለ፥ ሕዝቡ ሰካራሞችንና መሃይምናንን እየሰማ እርሱን እንደ ናቀው አጫወተው። ሳጢሮስ ከታወቁት የቴያትር ድርሰቶች አንዱን ክፍል በቃሉ እንዲወጣለት ጠየቀው፤ ዴሞስቴንስም ወጣለት። ከዚያም ሳጢሮስ ያንኑ ክፍል ራሱ ተቀብሎ አለው። ቃሉ ያው ሳለ፥ ድምፁ ከፍና ዝቅ ሲል፥ ፊቱና እጁም ከነገሩ ጋራ ሲስማሙ፥ ሌላ ድርሰት መሰለ። ዴሞስቴንስ ያን ጊዜ የጐደለው ምን እንደ ሆነ ተረዳ። መሳቃቸው ደግ ባይሆንም፥ የሳቁበት ነገር እውነት ነበረ።

ከዚህ በኋላ ከመሬት በታች አንድ ቤት አሠራ። በየቀኑ ወደዚያ እየወረደ ድምፁንና አኳኋኑን ያሠለጥን ነበር። ነገር ግን አቴና ሰውን ከሥራው የምታስኰበልል ከተማ ነበረች። በገበያው ወሬ አለ፤ በትግል ሜዳው ጐበዛዝቱ ይታገላሉ፤ በበዓል ቀን ቴያትር ከጧት ጀምሮ ይታያል፤ ባልንጀራም በደጅ ቆሞ ይጣራል። ዴሞስቴንስ ይህን ሁሉ እንቢ ለማለት የሚበቃ ብርቱ ልብ አለኝ ብሎ አልታመነም። ስለዚህ ምላጭ አንሥቶ የራሱን ጠጕር ግማሹን ላጨ፤ ግማሹን ተወው። እንደዚያ ሆኖ በአደባባይ መታየት ታላቅ ነውር ነውና፥ መውጣት ቢያምረውም አይችልም። ጠጕሩ እስኪያድግ ሁለት ወር፥ አንዳንድ ጊዜም ሦስት ወር በዚያ ቤት ይቀመጥ ነበር። ነገሩ ያስቃል፤ ዳሩ ግን ጠንቃቃ ሰው ነበረ፤ የራሱን ድካም ዐውቆ አስቀድሞ በሩን ዘጋበት።

ኮልታፋ ምላሱን ለማቅናት በአፉ ጠጠር ይዞ ይናገር ነበር። ትንፋሹን ለማስረዘም እየሮጠና ዐቀበት እየወጣ ረጅም ንግግር ባንድ ትንፋሽ ይል ነበር። በፊቱ ትልቅ መስተዋት አቁሞ አኳኋኑን ይመለከት ነበር። እነዚህን ነገሮች ዴሞስቴንስ ራሱ በሸመገለ ጊዜ ለዲሜጥሮስ ዘፋሌሮን ነግሮት፥ ከዲሜጥሮስም ወደ ታሪክ ጸሐፊው ወደ ፕሉታርክ ደረሱ። ሌላም የሚነገር አለ፤ የሕዝቡን ጩኸት እንዳይፈራ በባሕር ዳር ቆሞ ከማዕበል ጋራ ድምፁን ያፎካክር ነበር ይላሉ። ሲናገር ትከሻውን የማንሣት ክፉ ልማድ ስለ ነበረው፥ ሰይፍ ከጣራ አንጠልጥሎ ከሥሩ ይቆም ነበር ይባላል፤ ትከሻው ሲነሣ ስለቱ ይነካዋልና።

ሌሊት በዘይት መብራት ይጽፍ ነበር። ፒቴያስ የሚባል ተቃዋሚው ንግግሩ ሁሉ የመብራት ክር ይሸታል እያለ ያፌዝበት ነበር። በእውነትም ዴሞስቴንስ አስቀድሞ ያላሰበበትን ነገር መናገር አይወድም ነበር፤ ሕዝቡ ስሙን እየጠራ ተነሥ ቢለውም፥ ካልተዘጋጀ ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር።

ይህ የአንድ ወር ወይም የአንድ ዓመት ሥራ አልነበረም። ሞግዚቶቹን በከሰሰ ጊዜ 20 ዓመቱ ነበረ፤ የመቄዶንያ ንጉሥ ፊልጶስ የግሪክን ከተሞች አንድ በአንድ ሲይዝ፥ በ351 ዓመት ከልደት በፊት አቴናን ለማንቃት በሸንጎ የተናገረው 33 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ያን ጊዜ የሳቀበት የለም። ረ እንኳ ጠርታ ትሰማ ነበር፤ ሲሴሮ እንደሚለው ከርሱ አጥርቶ የሚናገር ሰው አልነበረም።

ዳሩ ግን እንዲህ ከደከመ በኋላም የተሰናከለበት ቀን ነበረ። በ346 ዓመት ከሌሎች መልእክተኞች ጋራ ወደ ፊልጶስ ተልኮ፥ በንጉሡ ፊት ገና ንግግሩን ሲጀምር ቃል ጠፍቶት ዝም አለ። ይህን የጻፈው ጠላቱ ኤስኪኔስ ስለ ሆነ፥ ጨምሮበት ይሆናል። ዴሞስቴንስ ግን መናገሩን አልተወም። በ338 ዓመት አቴና በኬሮንያ ጦርነት ስትሸነፍ፥ ስለ ሞቱት ወታደሮች የሚናገረውን ሰው ሕዝቡ ሲመርጥ እርሱን መረጠ። በ330 ዓመትም ከኤስኪኔስ ጋራ በሕዝብ ፊት ተሟገተ፤ ኤስኪኔስም ከዳኞቹ አምስተኛውን እጅ እንኳ ሳያገኝ ተረትቶ ከአገሩ ወጣ።

በ322 ዓመት መቄዶኖች አቴናን በያዙ ጊዜ፥ ዴሞስቴንስ ካላውርያ ወደምትባል ደሴት ሸሸ፤ ወታደሮችም ተከታትለው ደርሰውበት፥ በእጃቸው ሳይገባ በዚያ ሞተ። ከ40 ዓመት ያህል በኋላ የአቴና ሰዎች የናስ ሐውልት አቆሙለት። ከመሬት በታች ያሠራው ቤትም ሳይፈርስ ቈየ፤ ዴሞስቴንስ ከሞተ ከ400 ዓመት በላይ አልፎ ፕሉታርክ ታሪኩን ሲጽፍ፥ ያ ቤት ገና በስፍራው ነበረ።