ጆርጅ ፔትሪና የመቃብር ድንጋዮች

ጆርጅ ፔትሪ በአየርላንድ አገር በደብሊን ከተማ በ1790 ዓ.ም. እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ተወለደ። አባቱ የሰውን መልክ የሚሥል ሠዓሊ ነበረ፤ ልጁንም ይህንኑ ጥበብ አስተማረው። ልጁ ግን ከሰው መልክ ይልቅ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያንና የድንጋይ መስቀል መሣል ይወድ ነበር። ስለዚህ ወረቀቱንና እርሳሱን ይዞ በየገጠሩ ይዞር ነበር።

ካያቸው ስፍራዎች ሁሉ ልቡን የሳበው በሻነን ወንዝ ዳር ያለው ክሎንማክኖይዝ የተባለው ገዳም ነው። ገዳሙን ቅዱስ ኪየራን በ6ኛው መቶ ዓመት መሠረተው። ፔትሪ በደረሰ ጊዜ ግን ቤቱ ፈርሶ፥ መነኮሳቱም ከጠፉ ብዙ ዘመን ሆኖ ነበር። በሣሩ ውስጥ ብዙ የመቃብር ድንጋይ ተጋድሞ አገኘ። በብዙዎቹ ላይ መስቀል ተቀርጿል፤ በአጠገቡም የሟቹ ስምና፥ ያነበበ ሁሉ ስለ እርሱ እንዲጸልይ የሚለምን አጭር ቃል በጥንቱ የአየርላንድ ቋንቋ ተጽፏል። የአገሩ ሰዎች ገና በዚያው ይቀብሩ ነበርና፥ አዲስ መቃብር ሲቆፈር አሮጌው ድንጋይ ይገለበጥ ወይም ይሰበር ነበር።

ፔትሪ ድንጋዩን ሁሉ ሊያድን አይችልም፤ ሊሥለው ግን ይችላል። ስለዚህ ከመቶ የሚበልጡትን እያንዳንዱን ፊደል ሳያስቀር ሣለ። ከዚህም በኋላ ስሞቹን በአሮጌ የታሪክ መጻሕፍት ይፈልግ ነበር። ከድንጋዮቹ በአንዱ ላይ የማኤል ኡማ ልጅ ሱቭኔ የሚል ስም አነበበ። መጽሐፉም ሱቭኔ የዚያ ገዳም ባሕታዊና ብርቱ ጸሐፊ እንደ ነበረ፥ በ891 ዓ.ም. እንደ ሞተ ይናገራል። የዚህ መምህር ዝና ባሕር ተሻግሮ ኖሮ፥ የእንግሊዞች የታሪክ መጽሐፍ ደግሞ ሞቱን ጽፎታል። ድንጋዩና መጽሐፉ እንዲህ ሲስማሙ የድንጋዩ ዘመን ይታወቃል፤ የአንዱ ዘመን ከታወቀም፥ በቅርጹ የሚመስለውን የሌላውን ዘመን መገመት ይቻላል።

ከእነዚህ የታሪክ መጻሕፍት አንዱን፥ በደራሲዎቹ በራሳቸው እጅ የተጻፈውን፥ በ1831 በገንዘቡ ገዛ። ትርፍም ሳይፈልግ በገዛበት ዋጋ ለአየርላንድ ንጉሣዊ አካዳሚ ለቀቀው።

በአየርላንድ ያሉትን ረጃጅም ክብ ግንቦች እሳት የሚያመልኩ ሰዎች ሠሯቸው የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ። ፔትሪ በ1845 ባሳተመው መጽሐፍ የክርስቲያኖች የደወል ቤቶች መሆናቸውን አስረዳ፤ በዚህም ጥቂቶች ተቆጡበት።

በ1866 በደብሊን ሞተ። የድንጋዮቹ ሥዕል ገና በመጽሐፍ ስላልወጣ፥ ማርጋሬት ስቶክስ የምትባል የተማረች ሴት አሰናድታ ከ1872 እስከ 1878 በሁለት ክፍል አሳተመችው። ከዚያ ወዲህ ወደ ክሎንማክኖይዝ የሄዱ ተመራማሪዎች አንዳንዱን ድንጋይ ፈልገው አጡት። በእነዚያ ሥር የተቀበሩት ሰዎች ስም ዛሬ የሚነበበው ፔትሪ በሣለው ሥዕል ነው።