ከ30 ዓመት በኋላ ለአንባቢ የበቃው የልዑል ራስ እምሩ ማስታወሻ

የቀድሞው የወሎ ገዥ ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ያዩትንና የሚያስታውሱትን በጽሑፍ አኑረው ቢያልፉም፣ ጽሑፋቸው መጽሐፍ ሆኖ ለአንባቢ የደረሰው ካረፉ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። «ካየሁትና ከማስታውሰው» የተሰኘውን ግለ ታሪካቸውን በ2002 ዓ.ም ለኅትመት ያበቃው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ነበር።

ልዑል ራስ እምሩ በኅዳር ወር 1885 ዓ.ም በሐረርጌ ጉርሱም ተወለዱ። የሥጋ ዘመዳቸው ከሆኑት ከተፈሪ መኰንን፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ጋር አብረው አደጉ፤ አብረውም ተማሩ።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ የወሎ ገዥ ሆነው በደሴ ተቀመጡ። ወሎ በዚያ ዘመን የዕውቀት ደሃ አልነበረችም። በአንድ በኩል የቤተ ክርስቲያን የቅኔና የዜማ ትምህርት፣ በሌላ በኩል የእስልምና ሊቃውንት መንዙማና አማርኛን በዐረብኛ ፊደል የሚጽፉበት የዐጀሚ ልማድ ነበራት። ይሁንና ማተሚያ ቤቶች በአብዛኛው በአዲስ አበባ የተወሰኑ በመሆናቸው የአገሬው ደራሲ ድካም በእጅ ጽሑፍ ብቻ ይቀር ነበር።

ልዑሉ በ1924 ዓ.ም ወደ ጎጃም ተሾሙ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን ሲወር በሽሬ ግንባር ጦር መሩ። ቀድሞ የገዟት ደሴም ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም በአውሮፕላን ተደበደበች። ልዑሉ በምዕራብ ኢትዮጵያ ትግሉን ቀጥለው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተማረኩ፤ ሰባት ዓመት ገደማም በኢጣሊያ በግዞት ቆዩ።

ከተመለሱ በኋላ በአሜሪካ፣ በሕንድና በሶቭየት ኅብረት አገራቸውን በአምባሳደርነት ወክለዋል። መሬታቸውን ለጭሰኞቻቸው በማከፋፈላቸውም በሕዝብ ዘንድ ይታወሳሉ። «ፊታውራሪ በላይ» የተሰኘ ልብ ወለድም ደርሰዋል። ያረፉት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ በዓመቱ፣ በነሐሴ 1972 ዓ.ም ነው።

ዘመቻው ብዙኃኑን ከፊደል ቢያስተዋውቅም፣ ፊደል የለየ ሰው የሚነበብ መጽሐፍ ካላገኘ ንባቡን መርሳቱ አይቀርም። የንግድ አሳታሚ ደግሞ አስቀድሞ ትርፉን ያሰላል። የዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ግን ጽሑፉን በምሁራን አስመርምሮ፣ ለትውልድ የሚሰጠውን ጥቅም መዝኖ ያሳትማል። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ግለ ታሪክም ለኅትመት የበቃው በዚሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ነው።

ልዑሉ በገዙት ምድር ዛሬ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በ1999 ዓ.ም ማስተማር የጀመረው ይኸው ተቋም በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች አሉት። በ2014 ዓ.ም በጦርነቱ ምክንያት በተቋሙ ላይ የደረሰው ዘረፋና ውድመት፣ በአንድ ስፍራ ብቻ የተቀመጠ ጽሑፍ ምን ያህል ለጥፋት የተጋለጠ መሆኑን ያመለከተ ነው። የታተመ መጽሐፍ በብዙ እጅ ስለሚገኝ በአንድ ቀን አይጠፋም። የልዑል ራስ እምሩ ማስታወሻ 30 ዓመት ቢዘገይም ከዚህ ዕድል ደርሷል፤ በወሎ ቤቶች፣ ገዳማትና መስጊዶች የሚገኙ የእጅ ጽሑፎች ግን ገና አሳታሚያቸውን እየጠበቁ ናቸው።