ሕክምና ተምሮ መጥቶ ስለ ገበሬ የጻፈው ሰው

ከናንተ መሀል ስልኩን ይዞ ማሳ ውስጥ ገብቶ ስለ ድንችና ስለ ገብስ ቪዲዮ መሥራት የጀመረ አለ፤ ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ እያለ የሚያወላውልም አለ። ለዛሬ ሬዲዮ እንኳ ባልነበረበት ዘመን ስለ ገበሬ ሊያወራ ብዕር ያነሳ አንድ ሰው ይዘንላችሁ መጥተናል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይባላል።

የተወለደው በ1878 ዓ.ም. አድዋ አካባቢ፣ ማይ ምሻም ነው። አባቱ የአፄ ዮሐንስ ወታደር ነበሩ። በ1881 ዓ.ም. በኛው በጎንደር በኩል፣ መተማ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ሲወድቁ እሳቸውም እዚያው ቀሩ። ልጁ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም። በዚያው ሰሞን ደግሞ ክፉ ቀን ገባ። የከብት በሽታው በሬውን ፈጀው፤ በሬ ያለቀበት ገበሬ በምን ይረስ? ሰው በየመንገዱ ረገፈ። ገብረ ሕይወት ያደገው በዚህ መሀል ነው።

ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከጓደኞቹ ጋር ወደ ምጽዋ በኩል ሄዶ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተጠጋ። ከዚያ ያለው ታሪክ ፊልም ነው የሚመስለው። ወደብ ላይ የቆመ የጀርመን መርከብ ሊያይ ወጣ፣ መርከቡም ይዞት ሄደ። ካፒቴኑ ለአንድ ሀብታም የኦስትሪያ ቤተሰብ ሰጠው፣ እነሱም አሳደጉት ይባላል። ጀርመንኛ ተማረ፤ በርሊን ሕክምና አጠና።

አገሩ ሲመለስ ለአፄ ምኒልክ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆነ። ሥራው ደህና ነበር፤ ግን ንጉሡ ታመው ቤተ መንግሥቱ ጎራ ለይቶ ሲናቆር እሱም አገር ጥሎ ወጣ። ስሙን ያስጠራው ሥራ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሐኪምነቱም አስተርጓሚነቱም አይደለም። በ1912 እ.ኤ.አ. አሥመራ በታተመው «ብርሃን ይሁን» ላይ «አፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የሚለው ጽሑፉ ወጣ። በጀርመንኛ መጻፍ ይችል ነበር እኮ! በልጅነቱ አገር ጥሎ የወጣ ሰው ቁጭ ብሎ በአማርኛ ጻፈው።

ምን አለ መሰላችሁ? ስለ ዘርና ስለ ፍግ አይደለም ያወራው። ገበሬው ለፍቶ ለፍቶ ለምን አያልፍለትም ብሎ ነው የጠየቀው። ግብሩ ልክ የለውም፤ ዘንድሮ ስንት እንደሚወሰድበት የማያውቅ ሰው ለምን ብሎ አብዝቶ ያርሳል? ወታደሩ ደመወዝ የለውም፤ ገበሬው ላይ ተመርቶ ይበላል። ስለዚህ ግብሩ ተወስኖ በገንዘብ ይከፈል፣ ወታደሩ ደመወዝ ይቆረጥለት፣ የንጉሡ ገንዘብና የመንግሥቱ ገንዘብ ይለይ አለ። ጃፓንንም አርአያ አድርጎ አቀረበ። ይሄን ባለሥልጣን እየሰማ መጻፍ ቀላል አይደለም።

በኋላ ተመልሶ የጅቡቲ ባቡር ተቆጣጣሪ ሆነ፤ ቀጥሎም የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ፣ ማለትም ነጋድራስ። እኛ እንደሚመስለን ሁለተኛውን መጽሐፍ ያበሰለው ይሄ ቦታ ነው። ቡናና ቆዳ በባቡር ወደ ወደብ ይወርዳል፤ ጨርቅና የፋብሪካ ዕቃ በዚያው ባቡር ይወጣል። እሱ በር ላይ ቆሞ ያያል። ሌላው ሰው ባቡር መጣልን ብሎ ሲደሰት፣ እሱ ሂሳቡን ወደ ድካም መለሰው። አንድ ቁራጭ ጨርቅ ለመግዛት የኛ ገበሬ ስንት ቀን ይለፋል? መሣሪያና ዕውቀት ያለው የውጭው ሠራተኛስ ያንን ጨርቅ በስንት ሰዓት ይሠራዋል? ዕውቀት ያለውና የሌለው ሕዝብ ሲገበያዩ፣ ዕቃውን በጥሬው የሚሸጠው ሁልጊዜ ይጎዳል፤ ባቡሩም ብቻውን አያበለጽግም ባይ ነው።

(ጉና ሥር ድንቹን በጆንያ ሸጠን ደብረ ታቦር ሱቅ ገብተን የታሸገ ቺፕስ ስንገዛ ቢያየን ምን ይል ነበር?)

የአገር ውስጥ ኬላንም አልተወም። እህል ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው ሲሄድ በየኬላው የሚቀረጠው ንግዱን ይገድላል፣ ቀረጡ ድንበር ላይ ይሁን አለ። ልብ በሉ፣ ይሄን የሚለው ራሱ ቀራጭ ነው።

እኛን የሚቆጨን አንድ ነገር አለ። ያ ሁሉ የተጻፈለት ገበሬ ጽሑፉን አላነበበውም። ማንበብ የሚችለው ጥቂት ነበር፤ ጽሑፉም ለመኳንንቱና ለተማረው የቀረበ ነው። አማርኛውም ጠንከር ይላል። ማሳው ላይ ቆሞ የሚሰማ ሰው ያለው ዛሬ ስልክ የያዘው ልጅ ነው፤ ገብረ ሕይወት ያንን ዕድል አላገኘም። ዕድሜም አልሰጠው። በ1911 ዓ.ም. ሲሞት ገና 33 ዓመት አልሞላውም። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመለት ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው።

ሁለቱንም ሥራዎቹን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በአንድ ላይ አሳትሟቸዋል። ማንበብ ለሚፈልግ፣ በ«አፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ጀምሩ፤ አጭር ናት። ሁለተኛው ላይ ቶሎ እንዳትሰለቹ፣ ስለ ንግድ የሚያወራበት ክፍል ጋ እስክትደርሱ ታገሱት።