ሳንሱር ያለፈው መጽሐፍ

አንድ ዘፈን ከሬዲዮ ሲጠፋ ወይም አንድ ቴአትር ከመድረክ ሲወርድ የቆየ ክርክር አብሮ ይነሣል። አንዱ ወገን ሳንሱር በአዋጅ ቁጥር 34/1985 ቀርቷል፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 የቅድሚያ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ከልክሏል፣ ስለዚህ በአገራችን ሳንሱር የሚባል ነገር የለም ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ጽሑፉን አልቀበልም ያለውን አዘጋጅ ሳይቀር ሳንሱረኛ ያደርገዋል። ሕግ የተማርኩ በመሆኔ ወዳጆቼ ዳኝነት ይጠይቁኛል። እኔ ግን አንቀጽ ከመጥቀስ የአንድ ሰው ሕይወት ብተርክ ይቀለኛል፤ የበዓሉ ግርማን።

በዓሉ የተወለደው ኢሉባቦር ሱጴ ውስጥ ነው። አባቱ ሕንዳዊ ነጋዴ፣ እናቱ የአገሩ ሰው ነበሩ። ልጅ ሳለ አዲስ አበባ መጥቶ በልዕልት ዘነበወርቅ፣ ቀጥሎም በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተማረ። ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በኋላ አሜሪካ ሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ሕይወቱ ጋዜጣ ቤት ሆነ። አዲስ ሪፖርተርን፣ መነንን፣ አዲስ ዘመንንና ኢትዮጵያን ሄራልድን በየተራ በዋና አዘጋጅነት መራ።

የዋና አዘጋጅ የዕለት ሥራ ደግሞ መቁረጥ ነው። ይህን ሳንሱር ነው የሚል ካለ አልስማማም። ጽሑፉ የተጣለበት ሰው ወረቀቱን አንሥቶ የሌላውን በር ማንኳኳት ይችላል። በእርግጥ ይህ የሚሠራው ሌላ በር ሲኖር ነው። በደርግ ዘመን በሮቹ ሁሉ የአንድ ቤት ነበሩ።

ልብ ወለዱ ከጋዜጠኝነቱ ጎን ለጎን ሄደ። በ1962 ዓ.ም. ከአድማስ ባሻገር፣ በ1966 የህሊና ደወል፣ በ1972 የቀይ ኮከብ ጥሪና ደራሲው ወጡ። የህሊና ደወልንም አስፋፍቶ ሀዲስ ብሎ አሳተመው። በሥልጣንም ወጣ፤ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ እስከ መሆን ደረሰ። ጋዜጣው፣ ሬዲዮውና ቴሌቪዥኑ በሙሉ በዚያ መሥሪያ ቤት ሥር ነበሩ። ስለዚህ ምን እንደሚያልፍና ምን እንደማያልፍ ከማንኛችንም ይበልጥ ያውቅ ነበር ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

በ1974 ዓ.ም. ለቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ አስመራ ተጓዘ። ከዚያ ያመጣው ኦሮማይን ነው። ጸጋዬ ኃይለማርያም የተባለ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ አስመራ ላይ ከፊያሜታ ጋር በፍቅር ይወድቃል። ነገር ግን መጽሐፉ የፍቅር ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የዘመቻውን ሽርጉድ፣ የባለሥልጣናቱን ግብዝነትና ናቅፋ ላይ የረገፈውን ሠራዊት ያሳያል። አንባቢዎች በገጸ ባሕርያቱ ውስጥ የሚያውቋቸውን ሹማምንት አዩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ለሕግ ሰው ይከብዳል። መጽሐፉን በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው ኩራዝ ነው፤ ኩራዝ የመንግሥት አሳታሚ ነበር። በዚያ ዘመን ያለ ሳንሱር ፈቃድ አንድ ገጽ አይታተምም። እንግዲህ ኦሮማይ ሳንሱር ያለፈ፣ መንግሥት ራሱ ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ሳንሱር ማለት የቅድሚያ ምርመራ ብቻ ነው ለሚል ሰው በዚህ መጽሐፍ ላይ ሳንሱር አልተፈጸመም ማለት ነው! ሆኖም ብዙ ሳይቆይ ከመደብር ተለቀመ። ቀድሞ የተሸጠው በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ ዋጋውም ናረ። በዓሉ ከሥራው ተነሣ። ክስ አልቀረበበትም፣ ፍርድ ቤትም አልቆመም። በየካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መኪናው ቃሊቲ በኩል ቆማ ተገኘች።

ያደግሁት መካነ ሰላም ነው፤ ከደሴ በአቀስታ በኩል 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ያኔ የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። በ1980 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ኦሮማይ ወደ እኛ የደረሰው በእጅ ተገልብጦ፣ በሁለት ደብተር ነው። ሦስተኛው ደብተር መንገድ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ናቅፋን ሳላውቅ፣ በዓሉን ለዚያ ያበቃውን ክፍል ሳላይ፣ መጽሐፉ የአስመራ ፍቅር ነው ብዬ ለዓመታት አወራሁ። ማንም አትንኩት አላለንም፤ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያም አልነበረም። እኛ ግን ደብተሮቹን ጤፍ ጆንያ ሥር እንደብቅ ነበር።

በነገራችን ላይ የእኛ የቦረናው ሰው፣ መጽሐፈ ምሥጢርን የጻፈው የጋስጫው አባ ጊዮርጊስም በዐፄ ዳዊት ዘመን ታስሮ እንደነበር ገድሉ ይተርካል። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው፤ አሳሪው ንጉሡ እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ የሚማልድም ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። የሳንሱር ሹም እንኳ ቢሮና ፊርማ አለው፤ እምቢ ካለ አለቃው ዘንድ መሄድ ይቻላል። ኦሮማይን ከመደብር ላነሣው እጅ ግን አቤት የሚባልበት በር የለም። ለበዓሉ መጥፋትም እኔ ነኝ ብሎ በይፋ የቀረበ የለም።

ለዚህ ነው ወዳጆቼ ሲጠይቁኝ ከሥራው ይዘት የማልጀምረው። ማን ወሰነ፣ በየትኛው ሕግ፣ ይግባኙስ ለማን ነው? በነሐሴ 2009 መጨረሻ የቴዲ አፍሮ አልበም ምረቃ ሂልተን ሆቴል ውስጥ በፖሊስ ሲቋረጥ የተሰጠው ምክንያት የዝግጅት ፈቃድ ጉዳይ ነበር። ስለ ግጥሙ አንድ ቃል አልተነገረም፤ አልበሙም ይሸጥ ነበር። በቅድሚያ ምርመራ ትርጉም ከሄድን ሳንሱር አይደለም። እኔ ግን ከዚያው መዝገብ ውስጥ አስገባዋለሁ፣ የሚሟገተኝ ካለም ደስ ይለኛል።

ኦሮማይ ደርግ ከወደቀ በኋላ ደጋግሞ ታትሟል፤ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጥቷል። ሦስተኛውን ደብተር፣ ማለትም የመጽሐፉን መጨረሻ፣ ያነበብኩት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው።